ከተጠራጣሪ የተቀዳ ትንቢት

የእህቴ ልጅ፣ ሰላምታውን በኋላ እናደርሳለን። አዋቂና ኮከብ ቆጣሪ ነኝ ብለህ ያሳተምከውን መጽሐፍህንና የከሰሰህ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኳቸው። ‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ› ነውና ከሥሩ ልነሳ፤ ሰውየው አልዋሸም፣ ቀድተሃል። ሦስት ምዕራፍ ከነነጥቡ ከነሰረዙ ገልብጠሃል። እናትህ ‹ምቀኞች ናቸው፣ የልጄን ስም ሊያጠፉ ነው› ብላ ስታለቅስ ዝም ብዬ የሰማኋት መጽሐፎቹን ስላላየሁ ነበር። አሁን አይቻለሁና ዝም አልልም።

እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም ያረጀሁ አስተማሪ ነኝ። ኩረጃ በትክክለኛው መልስ አይያዝም፤ ትክክሉንማ ያጠና ሁሉ ይጽፈዋል። የሚያጋልጠው ስህተቱ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ዐባይን ከዝዋይ ሐይቅ ካስነሱት፣ አንዱ ከአንዱ አይቷል። የብራና መጻሕፍት የሚመረምሩ ሊቃውንትም የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ የዘለላትን መስመር ሌላው ደግሞ ከዘለላት ዝምድናቸው ታወቀ ማለት ነው። አንተም የተያዝከው በዚሁ ነው። ሰውየው በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ስላደረገው ሙከራ ሲጽፍ፣ ማተሚያ ቤቱ ቁጥር አዛብቶበት ዘመኑን 1984 ብሎታል። ነገሩ የተደረገው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ነው። አንተም 1984 አልክ። ያንን ሁሉ ምሥጢር የሚገልጥልህ መንፈስ ዓመት ሲቆጥር ከዚያ ማተሚያ ቤት ጋር እኩል ተሳሳተ ልበል?

ከዚህ የባሰም አለ። ሰውየው ጠንቋይና ኮከብ ቆጣሪ ነን የሚሉት እንዴት እንደሚሠሩ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። አዋቂ ነኝ ባዩ አስቀድሞ የሚያየው የመጣውን ሰው ጫማ ነው ይላል፤ አቧራው የገጠር ነው የከተማ፣ ተረከዙ አልቋል ወይስ አላለቀም። ቀጥሎ ማንም የማይስተውን ቃል ይወረውራል፤ ‹ከቅርብ ዘመድህ ያስቀየመህ አለ›። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ሲከብደው ባለጉዳዩ ራሱ ሁሉን ይዘረግፋል፤ አዋቂው የሰማውን ቃሉን ለውጦ ይመልስለታል። አንተ ይህንን ምዕራፍ እንዳለ ወስደህ ‹ሐሰተኛ አዋቂን መለያ መንገድ› የሚል ርእስ ሰጠኸው። ተፎካካሪዎችህን ለመጣል የተጠራጣሪን ዱላ ተዋስክ ማለት ነው። ይሁን ብንል እንኳ፣ መሐሉ ላይ ‹እንደ እኔ ያለ በጥንቆላ የማያምን ሰው› የምትል ሐረግ ሳትነካት ቀረች። እያነበብኩ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ኋላ ግን የኛው ቤት ጉዳይ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሳቁ ቆመ። ‹ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም› ሲባል የምሰማው እንደ ቀልድ ነበር። ስውሩ ሁሉ የሚታይህ ሰው፣ የቀዳኸው ደራሲ መጽሐፍህን ገዝቶ እንደሚያነበው አልታየህም።

በጀርባው ሽፋን ላይ ደግሞ ራስህን ‹የወሎው ኖስትራዳመስ› ብለሃል። ሳታውቅ ልክ ሆንክ። ያ ፈረንሳዊ እንደ ፈረንጅ በ1555 ያሳተመውን የትንቢት መጽሐፍ የመረመሩት ሰዎች፣ ብዙው ነገር በ1522 ከታተመ የቆየ የትንቢት ስብስብና ከሌሎች ሰዎች መጻሕፍት የተለቀመ መሆኑን አሳይተዋል።

አሁን ወደ ፎረር ልመልስህ፤ የገለበጥከው ታሪክ ምን እንደሚል ገብቶህ አልመሰለኝም። ፎረር 39 ተማሪዎቹን ፈተና ፈተናቸውና ከጥቂት ቀን በኋላ ለእያንዳንዳቸው ‹ጠባይህ ይህ ነው› የሚል ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል ልክ እንደሆነ ከ5 ነጥብ ስጡ አላቸው። አማካዩ ከ4 በላይ ወጣ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሲያስተያዩ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ችሎታህን ገና አልተጠቀምክበትም፣ ላይህ ረጋ ያለ ሆኖ ውስጥህ ይጨነቃል ዓይነት፣ ለማንም ቢሰጡት ለማንም ልክ የሚሆን ነገር ነው። ከየት አመጣው ብትል፣ አብዛኛውን መንገድ ዳር ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው የወሰደው።

እዚህ ላይ ቆም በል። ተጠራጣሪው ከኮከብ ቆጣሪ ወሰደ፤ አንተ ኮከብ ቆጣሪው ከተጠራጣሪ ወሰድክ። መውሰዱ ላይ እኩል ናችሁ። እሱ ግን ከየት እንዳገኘው ለተማሪዎቹም ለአንባቢም ተናገረ፣ ትምህርቱም ያ መናገሩ ነበር። አንተ ‹በሌሊት ተገለጠልኝ› አልክ። ሰው ከሰው ሳይወስድማ መች ይኖራል? ስምና የእናት ስም ቆጥረህ በ12 የምትገድፍበት ዐውደ ነገሥት ራሱ፣ ከዋክብቱን ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ ብሎ ሲጠራ ከዐረብ እንደተቀበለ ግልጥ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደብተራ ከእስላም ጎረቤቱ መውሰዱን የደበቀበት ጊዜ አላውቅም።

በስልክ ‹የሸህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥም ሰው ሁሉ እያተመ ይሸጥ የለም ወይ› አልከኝ። እሳቸውን ከዚህ ጉዳይ አውጣ። ሸህ ሁሴን በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቃላቸውን በየቡናው፣ በየወዳጃው ሲቀባበለው ኖሯል። ኋላ ግጥሞቻቸውን የሰበሰቡ ሰዎች ሲያትሙ የሸኹን ስም ሽፋን ላይ አወጡ እንጂ የእኔ ነው አላሉም። በእሳቸው ስም የሚደረገው ጥፋት የአንተው ግልባጭ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ‹ሸኹ ይህንንም ብለውት ነበር› የሚል፣ ትናንት ማንም ያልሰማው ግጥም ይወጣል። ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ማለት ይህ ነው። አንዱ የራሱን ቃል በትልቅ ሰው ስም ይሸጣል፣ አንዱ የሰውን ቃል በራሱ ስም ይሸጣል፤ ሁለቱም ገዢውን ነው የሚያታልሉት።

እውነት የሚገለጥልህ ነገር ካለ መንገዱ ቀላል ነው። የሚሆነውን ሳይሆን በፊት ጻፈው፣ ቀን ጻፍበት፣ አሽገህ ለሽማግሌ አስቀምጥ፤ ያን ጊዜ እኔም አምናለሁ። ጄምስ ራንዲ የሚባል አሜሪካዊ ምትሃተኛ እንደ ፈረንጅ በ1964 በ1 ሺህ ዶላር ጀምሮ፣ ኋላ ሽልማቱን 1 ሚሊዮን አድርሶ፣ በተስማማንበት ፈተና ስውር ኃይሉን ያሳየኝ ይውሰድ ብሎ ነበር። ሽልማቱ በ2015 እስኪዘጋ የወሰደው ሰው የለም። ይህም ከገለበጥካቸው ምዕራፎች በአንዱ ውስጥ አለ፤ አንተ ግን ይህችን አንቀጽ ብቻ ዘለልካት። መዝለልህ ምን እንደምትገለብጥ ታውቅ እንደነበር ይመሰክርብሃልና፣ ‹ረዳቴ ነው የጻፈው፣ እኔ አላየሁም› የሚለው ነገር አይሠራም።

‹የጥንት ሊቃውንት ስም መቼ ይጽፉ ነበር› ያልከው ደግሞ አሳዝኖኛል፤ ሐይቅ ዳር አድገህ ይህን አትልም ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው ወንጌል፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያስጻፉት፣ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖት ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ቦታ እንደተሰጠ ከነዘመኑ ይናገራል። በእኛ አቆጣጠር 1273 ገደማ ነው። በየገዳሙ ያሉት መጻሕፍት መጨረሻቸው ላይ ምን እንዳለባቸው ታውቃለህ፤ የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ አንዳንዴም የሰማው ሁሉ በስሙ ይለምናል። ከዚያ ውግዘቱ ይከተላል። ውግዘቱ ሌባውን ብቻ አይጠራም፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። ‹የፋቀው› የተባለው አንተን መሳዩ ነው፤ መጽሐፉን በቦታው ትቶ ስሙን የሚሰርቀው።

የአያትህ ዳዊት እናትህ ቤት አለ። ስትመጣ አውጣውና መጀመሪያው ቅጠል ላይ ያለውን ቀይ ቀለም እይ። ስሙ የተጻፈበት ቦታ ላይ ብራናው ሳስቷል፤ ጣትህን ብታሳልፍበት ይሻክራል። ከአያትህ በፊት የነበረው ሰው የቀደመውን ባለቤት ስም በምላጭ ፍቆ የራሱን አስገብቶ ነበር። ወደ ፀሐይ ብታነሳው ከቀዩ ሥር የፊተኛው ስም የመጀመሪያ ፊደል ዛሬም ይታያል፤ ሰውየው ማን እንደነበር ባናውቅም የተሰረቀ መሆኑን እናውቃለን። አያትህ መጽሐፉን ሲገዙ የራሳቸውን ስም ሌላ ገጽ ላይ ጻፉ እንጂ እዚያ የተፋቀው ላይ አልደረቡም። ለምን ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ‹ውግዘቱ እዚያ ነው ያለው› አሉኝ። ክታብ የሚጽፈውም ደብተራ ቢሆን ጸሎቱን አስቀድሞ ገልብጦ የባለክታቡን ስም ቦታ ክፍት ይተዋል፤ ገዢ ሲመጣ ስሙን ያስገባል። እዚያ የሚገባው ግን ጸሎቱ የሚደገምለት ሰው ስም ነው፤ ጸሎቱን እሱ ደረሰው ያለ የለም።

ከሳሽህን በአደባባይ ‹ከሐዲ፣ የፈረንጅ ተላላኪ› ብለኸዋል አሉ። ለዚህ ብቻ ሌላ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ጠንቋይን መጠራጠር ከፈረንጅ አልመጣም። ከዚሁ ከአምባሰል ከግሸን አምባ ወርዶ በ1426 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላን እንዴት እንዳሳደደ፣ በመጽሐፈ ብርሃንም ምን እንዳስጻፈ የታወቀ ነው። እርግጥ ንጉሡ ቅናቱ ልክ አጥቶ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር በባዕድ አምልኮ ጠርጥሮ በግርፋት ገድሏቸዋል፤ እሱን አርአያ አድርግ አልልህም። ስሙን የሚጋራው ሌላው ዘርዐ ያዕቆብ አለ፣ ሐተታ የተባለው መጽሐፍ ባለቤት፤ የሰማውን ሁሉ በልቡናው ሳይመረምር የማይቀበለው። ይህን መጽሐፍ ያነሳሁልህ ግን ለሌላ ነው።

ሐተታን ወደ ፓሪስ ለአንቷን ዳባዲ የላከው፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ካፑቺን መነኩሴ ነበር፤ በ1850ዎቹ እንደ ፈረንጅ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሣና መጽሐፉን የደረሰው ራሱ መነኩሴው ነው፣ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ አልነበረም አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ ቅጽ በቅጽ ጽፈው የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጥረው ኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን ደግሞ በ2013 ክርክሩን እንደገና ከፈተችው። እኔ ለኢትዮጵያዊው አደላለሁ፤ ዳኛ ስላልሆንኩ ማድላት እችላለሁ። ነገሩን ግን አስተውል፦ መቶ ዓመት ሙሉ ሊቅ የተባለ ሁሉ ጉልበቱን የጨረሰው የማን ቃል ነው በሚለው ላይ ነው። የቃል ባለቤት ማወቅ ቀላል ነገር ቢሆን ይህ ሁሉ ሰው አይደክምበትም ነበር። የእነሱ እንኳ ያከራክራል፤ የአንተ በ1984 ብቻ ያልቃል።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርህ፣ ጠበቃ አዋቂ ነው፣ እሱን ትጠይቃለህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ሐሳብ የማንም ነው ያልከው ልክ ነው፣ አዋጁም ሐሳብን አይጠብቅም። ሐሳቡ የተጻፈበትን ቃል ግን ይጠብቃል፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሰህ ጥቂት መጥቀስ ፈቅዶልህ ነበር። በ1996ቱ አዋጅ እንደተጻፈው አስቦ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት አለው፤ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰም ከ1 እስከ 5። ስም መጥቀስ አንድ መስመር ቀለም ነበር የሚፈጀው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ይህ ሁሉ በይቅርታና በገንዘብ ሊያልቅ ይችላል። የማያልቀውን አሁን እነግርሃለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ከአምባሰል ቆላ አንድ እናት ደሴ ድረስ መጥታ ቢሮህ ገብታ ነበር። ልጇ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳውዲ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቶባታል። አንተ ‹አለ፣ በውሃ አጠገብ ይታየኛል› አልካት። ባሕር ለሚያቋርጥ ልጅ ውሃ መታየቱ ምን ይገርማል? ከሳሽህ በጻፈው ምዕራፍ ውስጥ ‹ውሃ ይታየኛል› የሚለው ከማይስቱት ቃላት አንዱ ተብሎ ተቆጥሯል፤ ገልብጠኸዋልና ታውቀው ነበር። ማታለያ መሆኑን የሚያስረዳውን ገጽ በእጅህ ጽፈህ፣ በዚያው እጅህ ገንዘቧን ተቀበልክ። ሳያውቅ የሚጠነቁል ሰው አለ፣ በእውነት ይታየኛል ብሎ የሚያምን፤ ለእሱ ቢያንስ አዝንለታለሁ። አንተ ግን አንብበሃል።

በአሜሪካ ሲልቪያ ብራውን የምትባል ስመ ጥር ባለ ራእይ ነኝ ባይ ነበረች፣ ብዙ መጽሐፍ የሸጠች። እንደ ፈረንጅ በ2004 በቴሌቪዥን ቀርባ ልጇ ለጠፋባት አንዲት እናት ልጅሽ በሕይወት የለችም አለቻት። እናቲቱ ብዙም ሳትቆይ በ2006 ሞተች። ልጅቱ በ2013 ከታገተችበት ቤት በሕይወት ወጣች። እናትየዋ አላየቻትም። ‹የለም› ማለት ይህን ያደርጋል። ‹አለ› ማለት ደግሞ ሌላውን ያደርጋል፤ ያቺ የአምባሰል ሴት ካንተ ወዲህ መጠየቅ አቁማለች። ‹አዋቂው በሰላም አለ ብሎኛል፣ ጊዜው ሲደርስ ይደውላል› እያለች ተቀምጣለች። የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልግ አገልግሎት ቀይ መስቀል ዘንድ አለ፤ ስም፣ የወጣበትን ቀን፣ መጨረሻ የተሰማበትን ቦታ ተቀብሎ በሌሎች አገሮች ባሉ መሰሎቹ በኩል ያፈላልጋል። ያገኛል ብዬ ቃል አልገባም። ነገር ግን ባንተ ‹አለ› ምክንያት የባከነው ጊዜ የእሷ ነበር።

አብሽር፣ አልጥልህም። ‹ካፈርኩ አይመልሰኝ› ካልክ ግን እኔም ሌላውም የምናደርግልህ የለም። በወሎ አበጋሮች ደም ሲያስታርቁ አይተሃል፤ ገዳይ አስቀድሞ ገደልኩ ሳይል ጉማ አይቆረጥም። የአንተ ደም አይደለም፣ ቀለም ነው፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ‹ተመሳስሎ ይሆናል፣ ሳላስተውል ይሆናል› የሚል ቃል ይዘህ ሽማግሌ ፊት እንዳትቀርብ፤ ቃሉ ‹ቀድቻለሁ› ነው፣ አንድ ቃል።

ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት ደውለህ ሁለተኛውን እትም አስቁም። ቀብድ ከበላ ይብላ። ያልተሸጡትን ከየመደብሩ ሰብስብና ቁጠራቸው፣ ስንት እንደተሸጠ ለሰውየው የምንነግረው ከደረሰኝ ላይ ነው። ለእሱ የምትጽፈውን ደብዳቤ ራስህ ጻፈው፣ እኔ ቋንቋህን አላርምልህም፤ ከሌላ ሰው ደብዳቤም እንዳትገለብጥ። የትኛው ምዕራፍ የእሱ እንደሆነ በስም የሚናገር ማስታወቂያ በጋዜጣ እናወጣለን፣ የሚስማማበትን ጋዜጣ እሱ ይምረጥ። የአምባሰሏን እናት ገንዘብ ለብቻው በፖስታ አድርግ፣ ከሌላው ሒሳብ ጋር አይቀላቀል፤ እሷን ራስህ ወደ ደሴው ቀይ መስቀል ትወስዳታለህ፣ የመመላለሻዋንም ትሸፍናለህ።

ቅዳሜ በጠዋት ሐይቅ ድረስ። ሰውየው ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፤ እኔና ጎረቤቴ ሐጂ አብረንህ እንሄዳለን፣ ሐጂ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የፊት ወንበር ያዝላቸው። የሦስታችንንም መሳፈሪያ አንተ ትከፍላለህ።